የአባባ ይመር ሦስተኛ ደም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «የላሞቹን ታንክ ይዘሽ ነይ» የሚል ነበር።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ከደም የለየናቸው ነጭ ሴሎች በሕይወት እንዲቆዩ በፈሳሽ ናይትሮጅን መቀመጥ አለባቸው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያላቸው ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉት የግብርና ሰዎች ናቸው። ታንኩን ከእነሱ ተዋስን። ከቆቦ ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ በሁለት እጄ አቅፌ ጎብዬ ድረስ ወሰድኩት። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ታንኩን የማያውቅ ደግሞ የለም። «አንቺ የነጋዴው ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ላም ልታዳቅይ መጣሽ?» ብሎ የጮኸብኝ ሰው አለ። ፊቴ እሳት ሆነ።

ትርሐስ እባላለሁ። አባቴ ከአላማጣ መጥቶ ቆቦ ላይ እህል የነገደ ሰው ነው፤ እኔም ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ቆቦ ነው። የማጠናው የሰውነት መከላከያ ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚያረጅ ነው። ማዕረጌ ያኔም አሁንም ጀማሪ ተመራማሪ ነው። «ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ነው፣ አንቺ ገና ምኑን አየሽና ነው?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። ይበሉ። ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሥራ ለሚገቡት አንድ የምነግራቸው ነገር አለኝ። ደግሞም ናፍቆኛል። ሰው የናፈቀውን ለመጻፍ ጡረታ አይጠብቅም።

ጎብዬ ላይ የተከራየናት ክፍል ጠባብ ነበረች። ጄኔሬተሩ ውጭ ይንጫጫል፤ ውስጥ ሴንትሪፊዩጁ፣ ማቀዝቀዣው፣ ጥግ ላይ ደግሞ ያ ታንክ። የመስክ ኃላፊያችን ሲስተር ዘነበች ነበሩ። የነርስነት ዘመናቸውን ራያ ቆላ ላይ ያሳለፉ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ሴት ናቸው። ሥራውን ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

ደሙ ከክንድ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ጊዜ የለም። ቱቦው በጥላ ይያዛል። ደሙ ከአንድ ከባድ ፈሳሽ በላይ፣ ሳይደባለቅ፣ በቀስታ ይንቆረቆራል። ሴንትሪፊዩጁ ውስጥ ከተሽከረከረ በኋላ ቀዩ ከታች ይተኛል፣ ቢጫው ውሃ ከላይ ይቀራል፣ በመካከላቸው ስስ ነጭ ቀለበት ይወጣል። እኛ የምንፈልገው ቀለበቱን ነው። ፒፔት በሚባለው ቀጭን መምጠጫ ቶሎ ልስበው እታገል ነበር።

«አትቸኩዪ» ይሉኝ ነበር ሲስተር ዘነበች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይሄ ግን አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም።»

ደም የሚሰጡን በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ይሰጣሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ። በሦስቱ መካከል ያለውን ለውጥ ነው የምናየው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የዚያ ሰው ታሪክ ጎደሎ ይሆናል።

አባባ ይመርን ያገኘኋቸው በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከጎብዬ ወደ ሜዳው ገባ ያለ ቀበሌ የሚኖሩ የማሽላ ገበሬ ናቸው። ከታናሽ ወንድማቸው ከእንድሪስ ጋር መጡና ገና በሩ ላይ ታንኩን አይተው ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም። ይሄ የላሞቹ አይደል እንዴ?»

«ነው፣ አባባ» አልኩ፣ አፍሬ።

«እኛን ልታዳቅሉን ነው? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጊዜው አልፏል!»

ወረፋ የሚጠብቁት ሽማግሎች ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ታንክ አፍሬ አላውቅም።

ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው፣ «አንቺ ጻፊው፤ ከጻፍሽው በኋላ ለእኔም ንገሪኝ» አሉኝ። እንደ ደንባችን እኩዮቻቸውን ጠይቀን፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ አገናዝበን ገመትን። ወንድማማቾቹ በመልክ ቁርጥ አንድ ናቸው። እንድሪስ ግን የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ በዕድሜ ብዙ ይርቃል። ሲስተር ዘነበች መርፌውን ሲያወጡ እንድሪስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ላብ አጠመቀው።

«እዩልኝ ይሄን ጎልማሳ!» አሉ አባባ ይመር። «በግ ሲታረድ እንኳ ጎረቤት ሄዶ ነው የሚደበቀው። ሥጋው ሲቀርብ ግን ቀድሞ ይቀመጣል።»

ደሙ ቱቦው ውስጥ ሲወርድ እያዩ ምን እንደምናደርግበት ጠየቁኝ። ደማችን ውስጥ ገና ምንም በሽታ ያላዩ ሴሎችና ብዙ ያዩ ሴሎች እንዳሉ ነገርኳቸው። ሰው ሲያረጅ ያላዩት እያነሱ ይሄዳሉ፣ ያዩት ይበዛሉ፤ እኔ የምቆጥረው እነሱን ነው አልኩ።

«አጀብ!» አሉ። «እንግዲህ የእኔ፣ ያላየ የሚቀረው አይመስለኝም። ወባውን አይቷል፣ ረሃቡን አይቷል፣ ስደቱን አይቷል። ምን አለ ያላሳየሁት?»

ከዚያ የደንቡን ተናገርኩ። ሦስት ጊዜ እንደምንቀዳ፣ መሃል ላይ ልተው ቢሉ መብታቸው እንደሆነ። ተቆጡ።

«ምን ማለት ነው ልተው? ሦስት ካልኩ ሦስት ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። ይሄ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ የሰጠሁትም ላንቺ ነው። አንቺ ደግሞ ሲያልቅ መጥተሽ ያላዩት ስንት እንደቀሩኝ ትነግሪኛለሽ።»

«እነግርዎታለሁ» አልኩ።

በዚያ ዓመት በቤታቸው በኩል ባለፍኩ ቁጥር ሳይጠሩኝ አይቀሩም። «ደም ጠጪዋ!» ይሉኛል፣ ከማሳው መሃል። ጥንቅሽ ቆርጠው፣ ልጠው ይሰጡኛል። የእሳቸው ጥርስ ስላለቀ እኔ ስመጥ ቁጭ ብለው ያዩኛል፤ «ጣፈጠሽ?» ይላሉ፣ «የእኔንም ድርሻ ምጪልኝ።» እኔ አያት አላውቅም። ሁለቱም አያቶቼ ሳልወለድ ሞተዋል። አያት ማለት እንዲህ ያለ ሰው ይሆን እንዴ እያልኩ ነበር የምመለሰው።

ሁለተኛውን ደም እኔው ራሴ ቀዳኋቸው፤ ሲስተር ዘነበች እጄን እያዩ። ከዚያ የሴሎቹን ቆጠራ እንድሠራ ወደ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ተዛወርኩ። ልሰናበታቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

«ሦስተኛውን ማን ሊቀዳኝ ነው?»

«ሌላ ነርስ ይመጣል፣ አባባ።»

«የመጣው ይምጣ። ውጤቱን ግን ከአንቺ አፍ ነው የምሰማው።»

ቤተ ሙከራው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ጠዋት ገብቼ ስወጣ ቀኑ እንዴት እንደዋለ አላውቅም። ቆቦ ላይ ስረግመው የኖርኩት ሙቀት እንኳ ናፈቀኝ። አፋሮቹ ግመል እየነዱ ገበያ ሲገቡ፣ ጠዋት ጠዋት የዞብል ተራራ ፊት ለፊት ቆሞ ሲታይ፣ ማሽላው ሲያሸት ሜዳው ሁሉ የሚሸተው ሽታ በድንገት ውል ይለኛል። ፒፔት ይዤ እቆማለሁ። «ትርሐስ፣ የት ሄድሽ?» ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ። ጎብዬ ሄጄ ነበር እላለሁ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ሲስተር ዘነበች ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ቦታ ብርሃኑ የሚባል ወጣት ነርስ ገባ፤ ለአገሩም ለሰዉም አዲስ ነው። የሦስተኛውን ዙር ደም እሱ ቀዳ። ናሙናዎቹ አዲስ አበባ ሲደርሱ በየቱቦው ላይ ያለው መለያ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። የአባባ ይመርን ቁጥር ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳጥኑን ከፍቼ ያን ቁጥር ሳየው ተነፈስኩ። እፎይ! አሉ ማለት ነው።

ሴሎቹን አቅልጬ፣ ቀለም አስይዤ በማሽኑ አሳለፍኳቸው። ውጤቱን ሳይ ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ። ባለፉት ሁለት ዙሮች ያላዩት ሴሎች ጥቂት ነበሩ፤ በሁለተኛው ዙር ይባስ ቀንሰው ነበር። በሦስተኛው ግን በብዙ እጥፍ ጨምረዋል። ደገምኩት። ያው ነው።

ፕሮፌሰሩን ጠራኋቸው። የቡድናችን መሪ ናቸው፤ በቀላሉ የሚደነቁ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ።

«ሰውየው ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚሄዱት? ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ማሽላ ነው፣ ፕሮፍ።»

«ማሽላማ አገሩ ሁሉ ይበላል!»

ብርሃኑ ዘንድ ደወልኩ። «አባባ ይመር እንዴት ናቸው?» አልኩት። «በጣም ደህና ናቸው!» አለኝ። «በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጠንካራ ሰው ናቸው። መርፌ ብቻ ይፈራሉ።» መርፌ ይፈራሉ ማለቱ ትንሽ ገረመኝ፤ ሰው ሲያረጅ ይፈራል ብዬ አለፍኩት። ደስታዬ ሌላ ነገር አላሰማኝም። መርካቶ ሄጄ ጥሩ ሽርጥ ገዛሁላቸው። ምን ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር። «አባባ፣ ያላሳዩት ብዙ አለ፤ ገና ልጅ ነዎት» ልላቸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ እያንጎራጎርኩ ሠራሁ።

ፕሮፌሰሩ ግን አልተዋጠላቸውም። «እንዲህ የሚያምር ነገር ሲመጣ እኔ እፈራለሁ» አሉ። «የደም ዓይነቱን አረጋግጪ።» ከሦስቱም ዙር የተቀመጠውን ፕላዝማ፣ ያን ቢጫ ውሃ፣ አውጥቼ መረመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኦ ናቸው። ሦስተኛው ቢ ነው። ሰው ምንም ቢሆን የደም ዓይነቱን አይቀይርም።

ንዴቴ አይጣል ነበር። ቱቦ ተቀያይሯል፣ ሌላ ምን ይሆናል? ይህ ብርሃኑ የሚሉት ቁጥር ሲለጥፍ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር አልኩ። ፕሮፌሰሩ ሄጄ አዲስ ደም እንዳስቀዳ ፈቀዱልኝ። ሽርጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቆቦ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ ሁለት ነገር ነበር የማስበው፤ ብርሃኑን እንዴት እንደምገስጸው፣ አባባ ይመርን እንዴት እንደማቅፋቸው።

ብርሃኑ ማለ። «እናቴ ትሙት! ሰውየው ፊት ነው የለጠፍኩት። ካርዳቸውንም አይቻለሁ።» ነገሩ እንዲጠራ ባጃጅ ይዘን አብረን ወደ ቀበሌው ሄድን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ተከምሯል። ግቢው ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ከቤት ወጣ። ብርሃኑ ፊቱ በራ።

«ይኸው! አባባ ይመር! አላልኩሽም?»

እንድሪስ ነበር።

ጸጉሩ ባንድ ዓመት ሸብቷል። እኔን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። «የት አሉ?» አልኩት። «ግቡ መጀመሪያ፣ ተቀመጡ» አለ። ከተቀመጥን በኋላ ነው፣ «ይመር እኮ አኼራ ሄዷል፣ እህቴ» ያለኝ።

የአምናው አጨዳ ሳይጀመር ትኩሳት ያዛቸው፤ ሳምንት አልቆዩም። ብርሃኑ ደም ሊቀዳ የመጣው ከዚያ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ቁጭ ባልኩበት እንባዬ ወረደ። ብርሃኑ አንዴ እኔን አንዴ እንድሪስን ያያል።

«ታዲያ ካርዱን ይዘው የመጡት...» አለ ብርሃኑ።

«እኔ ነኝ» አለ እንድሪስ፣ ምንም ሳይደብቅ። «የይመር ስም ሲጠራ ተነሳሁ። ሦስት እሰጣለሁ ብሎ ሁለት ሰጥቶ ነው የሄደው። ፆም ያመለጠው ቢሆን ቀዷውን፣ ያለበትን ዕዳ፣ እኔ እፆምለት ነበር። የቀረበት ግን ፆም አይደለም፤ ደም ነው። ደሙን ሰጠሁለት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደማችንን ስታዪ ወንድሜ መሞቱን አታውቂም ነበር?»

በግ ሲታረድ ጎረቤት የሚደበቀው እንድሪስ! አንጀቴን በላው። መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፍኖ የአላህን ስም እየጠራ እንደነበር ብርሃኑ በኋላ ነግሮኛል።

ያላዩት ሴሎች ስንት እንደቀሩ ጠየቀኝ። ወንድሙ ሳይሰማ ስለሄደ እሱ ሊሰማለት ነው። እኔም ያለኝን፣ የሁለተኛውን ዙር ነገርኩት።

«ጥቂት ነበሩ። ግን ነበሯቸው። ገና ምንም ያላዩ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለ እንድሪስ። «እኔ ሁሉንም አይቶ የጨረሰ መስሎኝ ነበር።»

ቀጥሎ የሚመጣውን መናገር ከበደኝ። አንድ ሰው በሌላው ስም የሰጠው ደም አይቆጠርም። ያንን ቱቦ ማውጣት አለብኝ። ልዋሸው ፈለግሁ፤ ይመርን የሚመስለው ያ ፊት እያየኝ ግን አልቻልኩም። ነገርኩት። ደሙ የወጣት ደም መስሎ እንዳታለለንም ጨመርኩለት። አንገቱን ደፋ።

«እንዲያ ከሆነ ቀዷው አልወጣም። ወንድሜ አማናው አንገቱ ላይ ነው ያለው።»

መብት ነው፣ ማቋረጥ ይቻላል፣ ሞት ሲመጣ ውሉ ያበቃል የሚለው የእኛ ደንብ ለእሱ ምኑም አይደለም። ጎረቤቶች ለቅሶ የመጣሁ መስሏቸው ግቢውን ሞልተዋል። አንድ ሽማግሌ ከዳር ሆነው ሁሉንም ሲሰሙ ቆይተው እንድሪስን ጠሩት።

«አንተ፣ አማናውን ለማን ነው የሰጠው?»

«ለእሷ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ባለሐቋ መጥታለች እኮ!»

እንድሪስ ቀና አለ። ጀናዛው ሊቀበር ሲል ሐቅ ያለው ሰው ካለ ይናገር፣ አለዚያም አፉ ይበል ተብሎ እንደተጠራ ነገረኝ። እህል ያበደረም፣ በሬ ያዋሰም፣ ተጣልቶ የቆየም አፉ ብሏል፤ ሁሉም ይቅር ብሏቸው ነው የተቀበሩት። «አንቺ ግን አልነበርሽም» አለኝ። «አሁን መጥተሻል። ሰው ይስማ፤ አፉ በይው።»

እኔ ክርስቲያን ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ይጠየቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ተነሳሁ።

«አባባ ይመር ሁለት ጊዜ ሰጥተውኛል፤ በቅቶኛል» አልኩ። «ሦስተኛውን አፉ ብያለሁ። በእሳቸው ላይ ምንም ሐቅ የለኝም።»

«አሚን» አሉ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። እንድሪስ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰና ልክ እንደ ወንድሙ ሳቀ። «ደሜ ወጣት ነው አላችሁ? ይመር ቢሰማ ኖሮ መንደሩን እየዞረ ይስቅብኝ ነበር!» እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ሽርጡን ለእሱ ሰጠሁት።

ከእንድሪስ ሌላ ደም አልቀዳንም። እሱ ራሱ ቅዱኝ ቢል እንኳ እምቢ እለው ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ሦስተኛውን ቱቦ ከጥናቱ አወጣሁ፤ ምክንያት በሚለው ላይ «በሞት» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ አንብበው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና ወጡ።

አሁን ከምንም በላይ የሚናፍቀኝ ያ እያንጎራጎርኩ የሠራሁበት ሳምንት ነው። አባባ ይመር ከሞቱ ወራት አልፎ ነበር። እኔ ግን አላወቅሁም፤ እኔ ዘንድ በሕይወት ነበሩ፣ በየቀኑም ወጣት እየሆኑ ነበር። ያን ሳምንት እንመልስልሽ ብባል ምን እንደማልሰጥ አላውቅም።

ለጀማሪዎች የምለው ይህ ነው። ውጤቱ ከሚገባው በላይ ካማረላችሁ ማሽኑን ከመፈተሻችሁ በፊት ሰውየው ቤት ሂዱ። ስልክ አይበቃም።